አምስተኛው ወር ጥር ነው

ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። ቤቴ ኮተቤ ነው፤ ቢሮዬም እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ በመጋረጃ የተከፈለች ጥግ። ሴት ስለሆንኩ ሙስሊም ቤተሰቦች ለሴቶቹ ክፍል እኔን ይጠሩኛል። ወንድ ቀራጭ እዚያ አይገባማ!

አንድ ጠዋት፣ ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ሽማግሌ በሬን አንኳኩ። ከዓመታት በፊት፣ በጥር፣ ልጃቸውን ሲድሩ ሴቶቹን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ያኔ የሰጠኋቸው ፍላሽ ደግሞ ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል።

«ልጇን ስትመርቅ ቀርጸሻት ነበር አይደል?» አሉኝ። «ፎቶዋ ሞልቶኛል፤ ድምጿ ግን የለኝም። አሁን አሁንማ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ።»

«አይዞዎት አባቴ፣ እኔ ጋ አለ፤ አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡኝ» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

የኔን ሃርድ ዲስክ ያየ ሰው ሠርግ አያስቀርጸኝም። «የመጨረሻ» የሚል ፋይል አለ፤ «የመጨረሻ የመጨረሻ» አለ፤ «ይሄኛው ነው ትክክለኛው» የሚልም አለ። የቀሩት ካሜራው ራሱ በቁጥር የሰየማቸው ናቸው። ነገ አስተካክለዋለሁ ስል ስንት ዓመት! ባለቤቴ «አንቺ የሰውን ሠርግ እንጂ የራስሽን ጓዳ አታሳምሪም» ብሎ ሳቀብኝ። ተናደድኩ፤ በሱም በራሴም። ይሄን ዝባዝንኬ መልክ ሳላስይዝ አዲስ ሥራ አልቀበልም ብዬ ማልኩ።

ደንብ አወጣሁ፦ መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ቀን፣ ሰፈር፣ የማን ሠርግ እንደሆነ። ገና ስጀምር ግን ቀናቸው ግራ ያጋባኝ ፋይሎች አገኘሁ። ካሜራ የሚባል ነገር ከመግዛቴ በፊት የተቀረጹ ናቸው ይላል። ካሜራው ያበደ ቀን ያጠራቀመው ቆሻሻ ነው ብዬ፣ ሳልከፍት፣ ከላይ ጀምሬ ከነአካቴው መሰረዝ ያዝኩ። ቦታ ጠቦኝ ነበር። ግማሽ ያህሉ እንደሄደ አንዱ በስህተት ተከፈተ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ልጄ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሎ እየቃመች ትስቃለች። ቀኑን አየሁ። በዚያ ቀንማ ልጄ አልተወለደችም!

ሽማግሌው ልጃቸውን በዳሩበት ጥር አዲስ ካሜራ የገዛሁ ዕለት ቀኑን የሞላሁት ራሴ ነኝ፣ በኛው አቆጣጠር። በአገሬ በፈረንጅ ቀን አልሠራም ብዬ ተኮፍሼ! በኛ አምስተኛው ወር ጥር ነው። ኮምፒውተሩ ግን አምስት ሲያይ ሜይ ይላል፤ ዓመቱንም በፈረንጅ አንብቦ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ቆሻሻ ያልኩት የዚያ ጥር ሠርግ ሁሉ ነበር። የሽማግሌውም እዚያው ውስጥ።

የተሰረዘውን ለመመለስ ያልሞከርኩት ዘዴ፣ ያልጠየቅሁት ባለሙያ የለም። አልተመለሰም። ከተረፉት ፋይሎች ሰዓት እንደተረዳሁት፣ ምርቃቱ ከተሰረዙት ጋር ሄዷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ተመለስኩ፤ የቀረውን አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ሳላይ አልነሳም አልኩ። እያየሁ ስም እሰጣለሁ። ወሩን ከዚያ ወዲህ በቁጥር ጽፌ አላውቅም፤ ጥር፣ ጥር ተብሎ ይጻፋል። ዓይኔ ቀላ፣ ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን እልህ ይዞኛል።

በሦስተኛው ቀን ቀይ ምንጣፍ ብቻ የሚታይበት ፋይል ላይ ደረስኩ። ካሜራውን ሳላጠፋ ወንበር ላይ አስቀምጬ ምሳ ልበላ ሄጄ ኖሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወዲያው ነበር የምሰርዘው። ሳህን ይንኳኳል፣ ሴቶች ይስቃሉ። ከመሃል አንድ ድምፅ ሰማሁና ወዲያው አወቅሁት፤ የዚያን ዕለት «አንቺ ልጅ፣ ብዪ እንጂ!» እያሉ ሲቆጡኝ የዋሉት የሙሽራዋ እናት፣ የሽማግሌው ባለቤት ናቸው።

ሽማግሌው በሳምንቱ መጡ። ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። «ምርቃቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«የአላህ ሥራ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ግን ጠቁሯል።

«የተረፈች ትንሽ ነገር አለች። የሰው ምስል ግን የላትም፣ ድምፅ ብቻ ናት» አልኳቸው።

«እሱ ይሻላል። የሰው ሴቶች ያሉበትን እኔም አላይም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ። ከፈትኩላቸው።

ሳህን ተንኳኳ፣ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ባለቤታቸው ወደ ደጅ ጮክ ብለው ተጣሩ፦ «አንተ ሰውዬ! የት ገባህ? እንግዳው ቆሞ እኮ ነው፣ ና እንጂ!»

ሽማግሌው «መጣሁ፣ መጣሁ» ብለው ከወንበሩ ተነሱ።