ሽማግሌው የሚያስተርፉት ቡና

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምንከባከባቸው ሽማግሌ አይሁዳዊ ናቸው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ በየጠዋቱ ሁለት ባቡር ይዤ ነው እሳቸው ቤት የምደርሰው። እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ቡና ማፍላት ነው። የወተት ዕቃና የሥጋ ዕቃ የማይነካካበት ቤት ነው፤ እኔ ግን በአንድ ቀን ለመድኩት። የጾምና የፍስክ ድስት እየለየች ላደገች ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል? የቀጠረችኝ ልጃቸው ገርሟት ነበር፤ እኔም ጉራ ቢጤ ሳይሰማኝ አልቀረም።

ሽማግሌው ኩባያውን ሲይዙ ዓይናቸውን ጨፍነው በዕብራይስጥ አንድ አጭር ነገር ይላሉ። ሁሉ በእግዚአብሔር ቃል ሆነ እንደ ማለት ነው ብላኛለች ልጃቸው። ከዚያ ፉት እያሉ ይጠጡና ግማሽ ላይ ሲደርሱ ኩባያውን መስኮቱ ጋ አስቀምጠው ዝም ይላሉ። እኔ ደግሞ ቀዝቃዛ ቡና ፊቱ የተቀመጠ ሰው ማየት አልችልም፤ በእኛ ቤት ቡና ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የአቅራቢዋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቡናዬን ጠሉት እንዴ ብዬ ቅር ብሎኝም ነበር። ስለዚህ ቶሎ አነሳና ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቄ ደስ እያለኝ እመልስላቸዋለሁ። ያመሰግኑኛል፣ ፉት ይላሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል። እኔም መልሼ አሞቃለሁ። ሦስት ጊዜ ያሞቅኩበት ቀን አለ። በመጨረሻ እየፈጃቸውም ቢሆን ጨርሰው ኩባያውን ይሰጡኛል። ብርዱ እስኪወጣ ድረስ እንደዚህ ቆየን።

አንድ እሑድ ገና ቡናቸውን እንደጀመሩ ልጃቸው መጣችና ኪችን ጠርታኝ በሩን ዘጋች።

"አባቴን ነርሲንግ ሆም ላስገባው ነው" አለችኝ። "ፎርሙን ሞልቻለሁ፤ ነገ እልካለሁ።"

መጦሪያ ቤት መሆኑ ነው፤ ደነገጥኩ። ባለቤታቸው የሞቱት እዚያው ቤት ነው፤ "ከዚህ በእግሬ አልወጣም" ማለት ልማዳቸው ነው።

"ምን ሆኑ?" አልኳት።

"ከቡና በኋላ የሚባለውን ቡራኬ ረስቷል። ሁልጊዜ ጠዋት ሥራ ስሄድ በስልክ እሰማውና አሜን እለው ነበር። አሁን ምንም የለም። ስጠይቀው 'ዛሬ አልተመቸኝም' ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለው የኖረውን ከረሳ፣ ነገ ምድጃ ለኩሶ ይረሳል።"

"በኋላም ቡራኬ አለው እንዴ?" አልኩ።

አስረዳችኝ። ትኩስ መጠጥ ቀስ እያሉ ፉት ሲሉት፣ የኋላው ቡራኬ ይባል አይባል አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ አባቷ አንድ ትንሽ ብርጭቆ የሚሞላ ያህል አስተርፈው፣ ሲቀዘቅዝ በአንዴ ይጨልጡትና ነው የሚባርኩት። ነፍሳትን ከነጉድለታቸው ስለፈጠረ እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ።

ብናገር የሚጠፋው እንጀራዬ፣ ዝም ብል የሽማግሌው ቤት። ዝም ማለት አማረኝ፤ አልዋሽም። ግን ሰውየውን በዊልቸር ሲያወጧቸው ታየኝ።

"አልረሱም፤ እኔ ነኝ" አልኳት። "በቀዘቀዘ ቁጥር እየወሰድኩ አሞቀዋለሁ።"

ትክ ብላ አየችኝ። በሩን ከፍታ ወደ ሳሎን ሄደች፤ ተከተልኳት። እኛ ስናወራ ቡናው ማንም ሳይነካው ቀዝቅዞ ነበር። ሽማግሌው አነሱና ጨለጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ፣ ቡራኬውን እስከ መጨረሻው አሉት። ልጃቸው አሜን ብላ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ታለቅስ ነበር።

"አባዬ፣ ከቤትህ ላስወጣህ ነበር እኮ! 'ቡናዬን ተዪልኝ' ማለት እንዴት ያቅትሃል?"

እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ የማልሰማቸው መስሏቸው፣ "ትኩሱን ስትሰጠኝ ፊቷን አላየሽውም" አሏት።