እታለም ኮዷን ቤት ስታስቀይር

እህቴን የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች «ድርብ ቁልፍ» ይሏታል። በር ዘግታ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ካልነቀነቀች ቀኑን ሙሉ ልቧ አያርፍም። እኔ እታለም ነው የምላት። ታላቄ ናት፤ ዓይኔ ማየት ካቆመ ወዲህ ደግሞ ጽሑፍ የምሰማው እሷ በሠራችው ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ ማንም በነፃ እንዲወስደውና እንዲያሻሽለው አንድ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጣዋለች። እዚያው የቅሬታ ክፍል አለ። እንደኔ ያለን ዓይነ ስውራን «ቀኑን እንደ ስልክ ቁጥር አነበበብኝ» ፣ «ቅንፍ ሲያይ ይደነብራል» እያልን እናማርራለን፤ እሷ ታስተካክላለች። እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙን ሰው ያደረገው የኛ ንጭንጭ ነው።

ታዲያ ድረ ገጹ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ ተባለ። አዲሱ ባለቤት የአንዳንድ አገር ሰዎችን ገጽ ያለ ምንም ማብራሪያ እየዘጋ ነው የሚል ወሬም ተከተለ። እታለም እህል አልቀምስ አለች።

«ጠዋት ስነሳ ቢዘጋብኝስ?»

«ወደ ሌላ ውሰጂዋ።»

«የት? ሌላ ትልቅ ኩባንያ ጋ ብወስደው እሱም ነገ ይሸጣል። እቤት ባስቀምጠው መብራት ይጠፋል፤ ሌባም አለ። እንዲህ ያለ ኮድ በነፃ የሚያስቀምጡት የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ደህና ነበር፤ ግን ቢበተኑስ?»

«እንግዲያው ዋሻ ቆፍሪለት» አልኳት። አልሳቀችም። እኔንም ፍርሃት ያዘኝ። ፕሮግራሙ የሚጠግነው ካጣ ቀስ በቀስ ያረጃል፤ ያኔ አንዲት ገጽ ለማስነበብ የሰው ደጅ ልጠና ነው።

በመጨረሻ ማኅበሩን መረጠች። ቅዳሜ ከሰዓት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮዱን አሻገረችው።

«ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ ሁሉም ገብቷል» አለች። ደጋግማ አጣራች፤ መቼም እሷ ናት። «የድሮውን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። እዚያ ሰውዬ እጅ ላይ አላሳድረውም።»

ድረ ገጹ እርግጠኛ መሆኗን ለማወቅ የፕሮጀክቱን ስም እንድትጽፍ ጠየቃት። ፊደል በፊደል ስትጫን ሰማኋት። ከዚያ ማጥፊያውን ተጫነችና «ወይኔ!» አለች።

«እታለም?»

«ቅሬታዎቹ።»

«ምን ሆኑ?»

«ኮዱ ውስጥ አይደሉም'ኮ። ገጹ ላይ ነበሩ። በገዛ እጄ አጠፋኋቸው።»

ለኩባንያው ጻፈች፤ የተሰረዘ አይመለስም አሏት። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንዳንተ የተነጫነጨብኝ የለም። እስቲ ንገረኝ፣ ምን ምን ብለኸኝ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። አንድ ሁለቱን ጠራሁና ነጠፈብኝ። ያስተካከለችልኝን ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ ደህና የሚነበብ ነገር ማን ልብ ይለዋል?

«እዚህ ኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር አለች» አለች። «አጠገቧ የጻፍኩት ‹ቅሬታውን ተመልከት› ብቻ ነው። ብነካት የማን ጆሮ እንደሚደነቁር አላውቅም።»

ማኅበሩ አልተበተነም፤ ኮዱም ደህና ነው። ከተጠቃሚዎች አዲስ ቅሬታ ይመጣል። እታለም ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች፤ እኔም ከማዶ ሆኜ አዳምጣለሁ። የትኛዋ መስመር የማንን የድሮ ቅሬታ እንደያዘች አታውቅምና አንድም ቁልፍ አትጫንም።