እሳት ቢነሳም «እርስዎ ይቅደሙ»

ዓርብ፣ ከባሕር ዳር

ጓደኛዬ ትዕግሥት እሑድ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ትዳራለች። እኔ ግን ዓርብ ዕለት ቀድሜ የተነሳሁት ለእስክስታ አይደለም። ሥራዬ ሕንፃ ላይ አደጋ ቢደርስ ሰው እንዴት እንደሚወጣ በኮምፒውተር አስመስሎ ማየት ነው። ሠርጉ የሚደገሰው አባቷ አቶ ጌጡ ባሠሩት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ሲሆን፣ የኋላ ደረጃው በር ተቆልፏል። «አባዬ አልከፍትም አለኝ፤ አንቺ አስረጂልኝ» ብላ ደወለችልኝ።

ሚኒባሱ ዋጋ ጨምሮ መቀመጫ ቀንሷል፤ ለሦስት በተሠራው ወንበር አራት ሆነን ወረታን አለፍን። የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ማሳው ላይ ከብት ተሰማርቷል። ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ሲጠማዘዝ ብርዱ መጣ፤ አጠገቤ የተቀመጠችውም ሴት ቆሎ አቀመሰችኝ። አዘዞ ወርጄ የበላሁት ሽሮ በቃሪያው ብዛት አስለቀሰኝ።

ማታ ለአቶ ጌጡ ፕሮግራሙን አሳየኋቸው። ሰውን የሚወክሉት ነጠብጣቦች ወደ በሩ ሮጡና አዳራሹ ወዲያው ባዶ ሆነ።

«ይኸው! ኮምፒውተርሽ ራሱ አንድ በር ይበቃል ብሏል» አሉኝ እየሳቁ። «የኋላውን ከከፈትሁትማ ያልተጠራው ይገባል፣ ሳህኑ ይወጣል።»

በራሴ ሥራ ተናደድኩ።

ቅዳሜ፣ አዘዞ

አንድ ልምምድ ይደረግልኝ ብዬ ለመንኩ። አዳራሹ ለማስጌጥና ለመመካከር በመጣ ዘመድ ጎረቤት ሞልቷል። የድስት ክዳን ደብድቤ «እሳት ተነስቷል፣ ውጡ!» አልኩ።

ሁሉም ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ከፊት የደብሩ መሪጌታና የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ደሴ ተፋጠዋል።

«አያ ደሴ፣ ይለፉ እንጂ።»

«ምነው መሪጌታ! ካህን ሳይቀድም? ነውር ነው።»

«በሞቴ!»

«አፈር ስሆን!»

ከኋላቸው ሕዝቡ በትዕግሥት ይጠብቃል። ማን ደፍሮ ታላቅ ይገፋል? «እሳት እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። መሪጌታ ፈገግ ብለው «ቢሆንም ልጄ፣ ሥርዓት አለው» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የእኔ ነጠብጣቦች ለካ አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው።

ትዕግሥት ግን አልሳቀችም። ዓይኗ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ቆመው እንግዳውን «ውጡ፣ ውጡ» በሚሉት አባቷ ላይ ነው።

«አባዬ፣ አንተስ?»

«ምን ነካሽ? እንግዳ ሳይወጣ ባለቤት ይወጣል?»

«እሳት ቢሆን እኮ የምትቀረው አንተ ነህ» አለች።

አቶ ጌጡ ኪሳቸውን ዳብሰው ቁልፉን አወጡ።

«በይ፣ ሳህኑም ይውጣ» አሏት።

ሰኞ፣ ባሕር ዳር

ሠርጉ ሸጋ ነበር። ያልተጠሩትም መጡ፤ ጠላው ግን ለሁሉም በቃ።

ቤቴ እንደገባሁ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ሰው ሲደነግጥ ለራሱ ብቻ ይሮጣል ብዬ አምን ነበር፤ ጎንደሮች ይህን አስጣሉኝ። አሁን ታላቅ ሳያስቀድሙ የማይወጡ ነጠብጣቦች አሉኝ። አንዱ ደግሞ አዳራሹ ባዶ ሳይሆን ንቅንቅ አይልም። በአንድ በር ሳስኬደው ጭሱ ይቀድመዋል። በሁለት በር ሳስኬደው ግን ይወጣል፤ ይህን ሁለተኛውን ደጋግሜ አየሁት።