ላባው የማን ነው?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላ ስንጠብቅ ሹፌሩ ስልኩ ላይ ጌም ይጫወት ነበር። አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ የሚያጫውታት ሴት የእኔን ፊት ይዛለች። ግንባሯ ሰፊ ነው፣ የፊት ጥርሷ ሸረፍ ያለ፣ ፀጉሯ ላይ የሰጎን ላባ ተሰክቷል።

ያ ፊት ሲሠራ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሦስት ወጣቶች ላይኛው ሰፈር ሴቻ ቤት ተከራይተው ያንን ጌም ይሠሩ ነበር፤ እኔ ቤቱን አጸዳለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ። ክረምት ስለነበር ከሲቀላ ዳገቱን ስወጣ ጫማዬ በጭቃ ይከብድ ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ይህን እዚያ ቤት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። በእኛ አገር ብዙ ሰው ድስታችንን ይገዛል፣ ከእኛ ጋር ግን ማዕድ አይቀርብም።

በጌሙ ተጫዋቹ የራሱን ሰው ይሠራል፤ ፊቱን፣ ፀጉሩን፣ ልብሱን፣ የማን ልጅ እንደሆነም ይመርጣል። መጨረሻ ላይ ያሸነፈ ሀላቃ ይሆናል። ሀላቃ ሕዝብ የሚመርጠው አለቃ ነው፤ ሲሾም የሰጎን ላባ ይሰካል፤ ተጫዋቹ ግን ሰውየውን ሲሠራም ላባውን ሰክቶ ሊያየው ይችላል።

አንድ ቀን ምሳ አቅርቤላቸው ሊበሉ ሲሉ፣ ከገረሴ የመጣው ታዲዮስ ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ይሞክረው ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እየፈራሁ ራሴን ሠራሁ። ጥርሴን ሳይቀር ሸረፍ አደረግሁት። ጌሙ ቤተሰብ ምረጪ ሲለኝ ሸክላ ሠሪ አልኩ። ላባውን ልሰካላት ስነካ ግን ጌሙ እምቢ አለ።

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ከሆነች ላባ አይሰጣትም» አለ ታዲዮስ እየጎረሰ። «ባህሉ ነው።»

ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም።

«ጌማችሁ ውስጥ አዞ ይበራል» አልኩት። «ሴትም ሀላቃ ትሆናለች። ይኼ ሁሉ ባህሉን አልነካም፣ የእኔ ላባ ነው የነካው?»

«የአንቺ?»

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። የምትበላውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እጁ አፉ ሳይደርስ ቆመ። ሌሎቹ ሳህናቸውን ማየት ጀመሩ። ታዲዮስ ቀስ ብሎ አባቱ ላባውን በሸክላ ሠሪ ልጅ ራስ ላይ ቢያይ ቤት እንደማያስገባው ነገረኝ። እኔም ላባው ካልተሰካ ያንን ፊት አጥፉት፣ ምሳችሁንም ሌላ ሰው ይሥራላችሁ ብዬ ወጣሁ። ዳገቱን ወረድኩ፤ አልተመለስኩም።

ከዚያ በኋላ ገበያ ከእናቴ ጋር ድስት መሸጥ ጀመርኩ። እናቴ ምን ሆነሽ ሥራ ተውሽ አለች፤ ነገርኳት። አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት ብላ ተቆጣች። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛዋለች።

አንድ የገበያ ቀን ታዲዮስ መጣ። ድስቶቹ መሃል ቁጢጥ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ፤ የሠራኋት ሴት ማንም ተጫዋች ከሚመርጣቸው ዝግጁ ሰዎች መሃል ገብታለች። ላባውን ነካሁት፤ ተሰካ። ይቅርታ አላለም። እናቴ የያዘችውን ቂጣ ቆርሳ ዘረጋችለት። አየት አደረጋትና ተቀብሎ በላ፤ ሰው ሁሉ እያየው።

ያ የባጃጅ ሹፌር የማን ፊት እንደያዘ አያውቅም፤ አልነገርኩትም፤ ላባውን ግን ማንም አያወልቀውም። ያን የገበያ ዕለት እናቴ የታዲዮስን ስልክ ወስዳ ዓይኗ ሥር አስጠጋች። አፍሽን ያዢ ያለችው ራሷ ናት። ብዙ ካየችው በኋላ መለሰችልኝና፣

«ላባው ዘመም ብሏል» አለችኝ፤ «ቀና አድርጊው።»