ጮክ ብዬ ያነበብኩት መልእክት

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መካኒሳ ውስጥ በአንድ ግቢ ስድስት ሰዎች ነበርን። የግቢው ባለቤት እትዬ አስካለ። ወንድማቸው ጋሽ ወርቁ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። የእትዬ አስካለ የልጅ ልጅ ሶልያና፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት። ተከራይዋ ታደለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሲስተር ሕይወት። እና እኔ፣ ቢኒያም። ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያቸዋለሁ። ሰዎቹ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ።

አንድ በአንድ የዘረዘርኳቸው መጨረሻ ላይ የምጠይቃቸው ነገር ስላለኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ስልክ ሲሰጠኝ መልእክት መክፈት እፈራለሁ። ስልክ ደግሞ እንጀራዬ ነው።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። ኮምፒውተር የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ለቡ ውስጥ ስልክ እየጠገንኩ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁና መልሼ እየሠራሁ ነው። በኋላ ከውጭ አገር በሚመጣ እርዳታ የሚሠራ አንድ የጤና ፕሮግራም በኮንትራት ቀጠረኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በወረቀት ይመዘግቡት የነበረውን በታብሌት እንዲመዘግቡ ማድረግ ነበር ሥራው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቀጠሯቸው ሲደርስ በስልክ የጽሑፍ መልእክት ይደርሳቸዋል። መድኃኒቱ ለወራት ሳይቋረጥ መወሰድ ስላለበት ሰው እንዳይረሳ ታስቦ ነው።

ቅጹ ተዘጋጅቶ የመጣው ከውጭ ነው። አማርኛውን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። መጀመሪያ የደረሰኝ ትርጉም «ጠዋት በ9 ሰዓት» ይል ነበር። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው ብዬ አስተካከልኩት። በቁልፍ ስልክ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን እንዳይሆን፣ አራት ነጥቡም ቦታውን እንዳይስት ብዙ ቀን ለፋሁ። ቢሮ ውስጥ ጥንቃቄዬን ያደንቁልኝ ነበር። እኔም ውስጥ ውስጡን እኮራ ነበር።

ሌላም ያደረግኩት ነገር አለ። ከውጭ የመጣው ቅጽ የስልክ ቁጥር ባይሞላም ያሳልፍ ነበር። እኔ ባዶ ቦታ አልወድም። ቁጥር ካልገባ መዝገቡ እንዳይቀመጥ አድርጌ ቆለፍኩት። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ከውጭ የምታስተባብረን ሴት «ስልክ የሌለው ሰው ሲመጣስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ የሌለው ሰው የለም» አልኳት። ሥልጠናው ላይ ደግሞ ሲስተር ሕይወት እጇን አውጥታ ያንኑ ጠየቀችኝ። ለእሷ «የቅርብ ሰው ቁጥር አስገቡ» አልኳት። ሁለቱንም መልሶች ቃል በቃል አስታውሳቸዋለሁ።

ያን ሐሙስ ከሲስተር ሕይወት ጋር የወጣሁት ታብሌቱ ቤት ለቤት ሲዞር ምን እንደሚያስቸግር ለማየት ነበር። እትዬ አስካለ ግቢ የገባነው የጋሽ ወርቁን ደም ግፊት ለመለካት ነው። ጋሽ ወርቁ በረንዳው ላይ፣ ከአሮጌ መኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታደለች ቧንቧው አጠገብ በሰማያዊ ሳፋ ልብስ ታጥባለች። ለቡ ውስጥ አንድ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ለቀን ሠራተኞች ምግብ አብሳይ ናት፤ ያን ቀን ዕረፍቷ ነበር። ሶልያና ከሳፋው አረፋ እየዘገነች ክንዷ ላይ ትቀባለች።

ሲስተር ሕይወት ታደለችን «ደህና አደርሽ» ብላት ብቻ አለፈች። ታደለችም ቀና ሳትል «ተመስገን» አለች። እኔ የማይተዋወቁ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ጨው ቀነሱ?» አለች ሲስተር፣ የግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ እየጠቀለለች።

«ቀንሻለሁ።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ ጨው የሌለው ወጥ ማለት ባዶውን የሚሄድ ተሳቢ ነው። መንገጫገጭ ብቻ።»

ሁላችንም ሳቅን። ታደለችም ከሳፋው ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ሲስተር ቁጥሩን ታብሌቱ ላይ ስታስገባ ከኋላዋ ቆሜ ጣቷ የት እንደሚሳሳት እከታተል ነበር። እትዬ አስካለ ከቤት ስልካቸውን ይዘው ወጡ። አሮጌ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል።

«ስልክ የምትሠራው አንተ ነህ አሉ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እስቲ ይቺን እያት። ቂው ትላለች፣ ዝም ትላለች። ቴሌ ነው እያልኩ እተዋታለሁ። ዛሬ ጠዋትም ደገመች።»

«አንቺ የማታ ትምህርት ተምሬያለሁ አላልሽም? አንብቢዋ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«አንተ መነጽርህን የት አባክ ጥለኸው ነው? ዝም በልና ግፊትህን ተለካ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። ያልተነበቡ ሦስት መልእክቶች አሉ። ሦስቱንም የላካቸው የእኛ ቁጥር ነው። የመጨረሻውን ከፈትኩት። ፊደሎቹ አንድም ሳይጎድሉ ወጥተዋል። በቢሮ ስልኮች ላይ ሞክሬው ነበር እንጂ በእንዲህ ያለ አሮጌ ስልክ ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። የእኛ መልእክት እትዬ አስካለ ስልክ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ጤና ይስጥልኝ ታደለች።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። የቆምኩት አራት ነጥቡ በትክክል መውጣቱን ለማየት ነው።

«ታደለች? የእኛዋ ታደለች?» አሉ እትዬ አስካለ።

የልብስ እጥበቱ ድምፅ ቆመ። ይህን በእርግጠኝነት አውቃለሁ፤ ድምፁ ሲቆም ግቢው ጸጥ ማለቱን አስታውሳለሁና። ከዚያ ቀጠልኩ።

«የቲቢ መድኃኒትዎን የሚወስዱበት ቀጠሮ ነገ ዓርብ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይጨርሱ።»

እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንድ ቃል አልዘለልኩም።

ቀና ስል ማንም እኔን አያይም። ጋሽ ወርቁ መለኪያው ክንዳቸው ላይ እንደታሰረ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ አስካለ ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሶልያናን አንስተው፣ ክንዷ ላይ ያለውን አረፋ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ወደ ቤት አስገቧት። ልጅቷ ጨዋታዋ ስለተቋረጠባት «ታዱ! ታዱ!» እያለች አለቀሰች።

«እትዬ አስካለ፣ ይስሙኝ» አለች ሲስተር ሕይወት ከኋላቸው። «ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታጎድል ወስዳለች። አሁን ከእሷ ወደ ሰው አይተላለፍም። እናንተንም ያኔውኑ አይቻችኋለሁ፤ ሁላችሁም ደህና ናችሁ።»

«ለካ ያኔ ሳል አላችሁ ወይ እያልሽ የዞርሽን ለዚህ ኖሯል» አሉ እትዬ አስካለ ከውስጥ።

«እትዬ...»

«እኔ ምን ወጣኝ? ምንም አላልኩም።» በሩን ገርበብ አደረጉት።

ታደለች ልብሱን አጥባ ጨረሰች። አልቸኮለችም። አንድ በአንድ እየጨመቀች ገመዱ ላይ አሰጣች። ከራሷ ልብሶች ጋር የሶልያና ቢጫ ቀሚስ ነበር። እሱን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሳታሰጣው ጨመቀችና አጣጥፋ ቧንቧው ሥር ድንጋይ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው።

ስልኩ አሁንም እጄ ላይ ነበር። ወደ እኔ መጣች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እኔ ስልክ የለኝም ብዬ ነበር። ያለ ቁጥር አያልፍም አሉኝ።»

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። የሚመለከተው ሰው ይህንን ይወቅ እንደማለት ነበር። ሳፋዋን አንስታ ክፍሏ ገባች።

ሲስተር ሕይወት የተናገረችው ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ነው።

«ደህና አደርሽ ብያት ሳልፍ አላየህም? መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግቢ ውስጥ ሳገኝ የማላውቀው መስዬ ነው የማልፈው። በር ላይ፣ ሱቅ ጋ፣ መንገድ ላይ ነው የምናወራው። ሦስት ወር እንደዚህ አድርገን ይዘነው ነበር።»

«አልነገርሽኝም» አልኩ። ይህን ማለቴም ያሳፍረኛል።

«ቁጥሩን እንድጠይቃት ያደረግከው አንተ ነህ። ምን ብዬ ልንገርህ?»

ከሰዓት ቢሮ ገባሁ። የስልክ ቁጥር ግዴታ መሆኑን አነሳሁ። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ከመልእክቱም ስሙንና የበሽታውን ስም አወጣሁ፤ «ነገ ጠዋት ቀጠሮ እንዳለዎት አይርሱ» ብቻ እንዲል አደረግኩ። ቀጥሎ አንድ ቁጥር ከአንድ ሰው በላይ የተመዘገበባቸውን መዝገቦች ፈለግኩ። የአከራይ ቁጥር አለ፤ የሱቅ ቁጥር አለ፤ የአሠሪ ቁጥር አለ። አንድ ባለ ሱቅ ስልክ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ቦታ ተሞልቷል፤ አንድም ባዶ የለም። ያን ያህል ስኮራበት የነበረው ይህ ነበር። የሌላ ሰው የሆኑትን ቁጥሮች ሁሉ አጠፋሁ።

በሚቀጥለው የቪዲዮ ስብሰባ ምን እንዳደረግኩ ጠየቁኝ። «ትንሽ ማሻሻያ» አልኩ። የሰዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ነው ብዬ አስረዳሁ። ያቺ ከውጭ የምታስተባብረን ሴት አመሰገነችኝ። ሌሎች አገሮች ያሉ ባልደረቦቻችንም ከእኔ እንዲማሩ ነገረቻቸው። መካኒሳ ስለሆነው ነገር አልተነፈስኩም። ምስጋናውንም ተቀበልኩ።

ታደለች በማግስቱ ዓርብ ቀጠሮዋ ላይ አልመጣችም። ቅዳሜ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። እትዬ አስካለ ለሲስተር ሕይወት «እኔ አላስወጣኋትም። ልጅቷን አትያዢብኝ፣ ብርጭቆሽን ለዪልኝ፣ ይህን ብቻ ነው ያልኩት» አሏት። ቁልፉን መስኮቱ ላይ ትታው ነበር የሄደችው። ሶልያና ለብዙ ቀን ጠዋት ጠዋት የተዘጋውን በር ትደበድብ እንደነበር ጋሽ ወርቁ ለሲስተር ነግረዋታል።

ሲስተር ሕይወት እሑድን ጨምራ ፈለገቻት። ታደለች ለቡ ያለውን ሥራዋንም ለቃ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ፣ ሌላ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘቻት። በእነዚያ ቀናት መድኃኒቱ ተቋርጦ ነበር። ሲስተር ሌላ ጤና ጣቢያ አስገባቻት፤ ታደለችም መድኃኒቱን እንደገና ጀመረች።

ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ሲስተርን ለመንኳት።

«ተው» አለችኝ። «አንተን ስታይ ሌላ ሰፈር መፈለግ ሊኖርባት ነው።»

መድኃኒቷን መጨረሷን ያወቅኩት ከመዝገቡ ነው። ሥራዬ ስለሆነ መዝገቦቹን አያለሁ። አዲሱ መዝገቧ ላይ «ጨርሳለች» ይላል። የስልክ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ እሱንም ማየት መብቴ እንዳልሆነ ተሰማኝና ዘጋሁት።

ሰው ሲሳሳት ያርማል፤ ቅጹን አርሜዋለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ስሟን ካነበብኩ በኋላ አራት ነጥቡ ላይ የቆምኩባት ጊዜ ናት። ሲስተር ሕይወት እዚያ ላይ «ቢኒያም» ብላ ጠርታኝ እንደነበር ትናገራለች። ቀና ብዬ አይቻት ወደ ስልኩ እንደተመለስኩም ትናገራለች። እኔ አልሰማሁም እላለሁ። የእትዬ አስካለን ድምፅ አስታውሳለሁ፤ የሳፋውን ድምፅ መቆም አስታውሳለሁ፤ የሲስተርን ድምፅ ግን አላስታውስም። ትንሹን ነገር ሁሉ የማስታውስ ሰው ይህን አንድ ነገር እንዴት ዘነጋሁት? ሰምቼ ከሆነ፣ ፊደሉ ማማሩን ለማሰማት ብዬ ነው የቀጠልኩት ማለት ነው።

ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጡት። እትዬ አስካለ፣ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር። ሲስተር ስትጠራኝ ቀና ብዬ ነበር? ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ እኔ አዛብቼ የጻፍኩትም ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ላወጣው ዝግጅት ክፍል ጽፋችሁ ጨምሩበት። የታደለችን እውነተኛ ስም ብቻ ተዉት። ይህንን ሰው የሚያነብላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ ድምፁን ሳያሰማ ለራሱ ያንብበው።