ነፃ ምርጫ የተለማመድንበት ሳምንት

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሕፃናቱ ወደየቤታቸው ሄደዋል። እኛ መምህራን በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ደርሶ ተቀምጠን፣ ከአዲስ አበባ ስልጠና የተመለሱትን ዳይሬክተራችንን እናዳምጣለን። ትምህርት ቤታችን ቡታጅራ ውስጥ ያለ የግል መዋዕለ ሕፃናት ነው። እኔ ወልቂጤ አድጌ፣ ዲግሪዬን ይዤ የኬጂ ሦስት መምህርት ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ልጁ ይመራል፤ መምህሩ ይከተላል!» አሉ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን በጡጫ እየመቱ። «ልጁ የሚጫወተውን ራሱ ይመርጣል። ቋንቋም የሚማረው እየተጫወተ ነው። ያልገባው አለ?»

በዚያ ቤት እሳቸው ሲናገሩ መጠየቅ አልተለመደም። እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳን ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ።

ስልጠናውን የሰጡት ሴትዮ ሐሙስ ጠዋት ሊጎበኙን ይመጣሉ ተባለ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ክፍሉን በማዕዘን ስንከፋፍል አረፈድን፦ የመጻሕፍት ማዕዘን፣ የብሎክ ማዕዘን፣ ፍራሽ የተነጠፈበት የሐኪም ቤት ማዕዘን፣ ቀይ ቆርኪ እንደ በርበሬ የተከመረበት የገበያ ማዕዘን። ያማረ ነበር። ልጆቹ እንዳይነኩት በገመድ ከለልነው።

ከዚያ ዳይሬክተሩ መጥተው ልጆቹን ነፃ ምርጫ ማለማመድ ጀመሩ።

«አንቺ የምትመርጪው ብሎክ ነው። አንተ መጽሐፍ ትመርጣለህ። አንተ ደግሞ በርበሬ ሻጭ መሆን ነው የምትፈልገው።»

«እኔ ሹፌር ነው የምፈልገው» አለ ልጁ። አባቱ ከሰሜን ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ አማርኛው ከሁሉም የጠራ ስለሆነ እንግዳ ፊት ብዙ እንዲናገር ተፈልጓል።

«ሻጭ ነው የምትፈልገው!»

«እሺ።»

«እሺ አይባልም። በራሴ ፍላጎት መረጥኩ በል።»

«በራሴ ፍላጎት መረጥኩ» አለ ልጁ፣ እንባው ሊመጣ ሲል።

ሁሉም ምርጫውን በቃሉ እስኪይዝ ደገምነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ቀረች። የመስቃን ጉራጌ ልጅ ናት፤ አባቷ በርበሬ ነጋዴ ነው። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ግቢ ውስጥ ግን ከሰፈሯ ልጆች ጋር በመስቃንኛ ስታወራ የሚያቆማት የለም። እኔ ወልቂጤ የለመድኩት የቸሃ ጉራግኛ ስለሆነ ንግግሯን እኩሌታውን እንኳን አልይዘውም። ሌሎቹ ልጆች እየተንከባለሉ ሲስቁ ግን አያለሁ። ደወል ተደውሎ ክፍል ስትገባ አፏ ይዘጋል፤ ክፍል ውስጥ የሚፈቀደው አማርኛ ብቻ ነዋ።

«ይቺ ልጅ ምላሷ ችግር አለበት» አሉ ዳይሬክተሩ እዚያው ፊቷ ቆመው። «ሐሙስም ካልተናገረች ኬጂ አንድ ትወርዳለች።»

ኬጂ አንድ ማለት ሦስት ዓመት የሞላቸው ሕፃናት ያሉበት ነው። እኩዮቿ በመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባሉ፤ እሷ ከእነዚያ ጋር ቁጭ ብላ «እጄን ታጠብኩ» እያለች ትዘምራለች ማለት ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ገብቷታል።

«ታዲያ ሐሙስ ምን ትሁን?» አልኩ።

«ታማሚ ትሁን። ታማሚ አይናገርም፤ እንግዳ ፊትም አታሳፍረን።»

እንድትናገር የመጨረሻ ዕድል የተሰጣት ልጅ ፍራሽ ላይ ተጋድማ አፏ በማስክ እንዲሸፈን ተወሰነ። ይህን ያዘዙት ደግሞ ቋንቋ ለማስተማር ሰርተፍኬት ይዘው የመጡ ሰው ናቸው።

ሐሙስ እንግዳዋ ገቡ። ልጆቹ ተሰልፈው በአንድ ድምፅ «በራሳችን ፍላጎት መረጥን!» አሉ። እንግዳዋ «ድንቅ ነው!» አሉና ፎቶ አነሱ። ዳይሬክተሩ ደስታቸው ከከረባታቸው በላይ ወጣ። አንባቢው መጽሐፉን ዘቅዝቆ ያነባል፤ ነርሷ መርፌዋን ይዛ ቆማለች፤ ሻጩ የተለማመደውን «ግዙ፣ ግዙ፣ ጥሩ በርበሬ» ይላል፤ ገዢዋም «አመሰግናለሁ» ብላ በቆርኪ የተሞላ ኩባያዋን ተቀብላ ትሄዳለች።

ታማሚዋ ይህን ከፍራሹ ላይ ሆና ታያለች። ሁለተኛዋ ገዢም እንደዚያው አመስግና ስትሄድ ማስኩን አውልቃ ተነሳች። ዳይሬክተሩ በዓይናቸው «ተኚ» አሏት፤ በእጃቸውም ወደ ፍራሹ ጠቆሙ። ከመጤፍም አልቆጠረቻቸው። ከቆርኪው ዘግና፣ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ነቀነቀችና መልሳ በተነችው። በመስቃንኛም አንድ ነገር ተናገረች። ግማሹ ክፍል ሳቀ።

«ምን አለችኝ?» አለ ሻጩ።

«ውሃ ነስንሰህበታል አለችህ» አለች ነርሷ።

የደረቀ በርበሬ ሲነቀንቁት ፍሬው ይንኳኳል። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተነሰነሰበት ድምፅ የለውም። ቡታጅራ ገበያ ሳይነቀንቅ የሚገዛ ሰው ቢኖር እንደ እኔ ለአገሩ አዲስ የሆነ ብቻ ነው።

«አልነሰነስኩም!» አለ ሻጩ።

«ነስንሰሃል!» አለች ልጅቷ። በአማርኛ። «ውሸታም! ነገ ሲደርቅ ግማሽ ነው!»

«ጥሩ በርበሬ ነው!»

«ወላሂ በል!»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ!»

«እሺ፣ በማርያም በል!»

ሻጩ ቆርኪውን አየ፤ እኛን አየ።

«ትንሽ ነው የነሰነስኩት» አለ።

ከዚያ በኋላ ማዕዘን የሚባል ነገር አልቀረም። አንባቢው መጽሐፉን ጥሎ ደላላ ሆነ፤ ብሎኩ ሚዛን ሆነ፤ ነርሷ በመርፌዋ እያስፈራራች ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነች። በአማርኛ፣ በመስቃንኛ፣ በስልጥኛ ይጨቃጨቃሉ። ያልገባው የጎኑን እየጎተተ ያስተረጉማል፤ የተተረጎመለትን ይዞ ተመልሶ ይሳደባል። ልጅቷ መሐል ላይ ቆማ አማርኛዋን እየሰበረች እየጠገነች ዋጋ ትቆርጣለች።

«ይሄ ደግሞ የምን ማዕዘን ነው?» አሉ እንግዳዋ እየሳቁ።

«ይቅርታ ያድርጉልን፤ ይሄ ልምምዱ ላይ አልነበረም» አሉ ዳይሬክተሩ። ወዲያው ያሉት ገባቸውና «ክትፎው እንዳይቀዘቅዝ» ብለው ይዘዋቸው ወጡ። ክትፎ ሲቀዘቅዝ ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግዳዋም አልጠየቁም።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ።

«ትወርዳለች» አሉ።

«ተናገረች እኮ፣ ጋሼ።»

«ምን ተናገረች? ሰደበች እንጂ! እንግዳዬ ፊት ገበያ አቆመችብኝ። ነገ ጠዋት አባቷ ሲያመጣት አንቺው ንገሪው። ምላሷ ችግር አለበት በይው፤ ግን በትሕትና።»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ለእኔ ቀላሉ ነው፤ አፌ ሳያማክረኝ ይለዋል። አንዲት ልጅ በሁለት ቋንቋ ተከራክራ ሻጭ ካሳመነች በኋላ ምላሷ አይሠራም ብዬ ለወላጅ እንዴት እንደምናገር ግን አንዲት ቃል እንኳን ልትመጣልኝ አልቻለችም።

አርብ ጠዋት አባትየው ልጅቷን በሞተር ይዞ መጣ። ዳይሬክተሩ ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ መምህርት።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ስለ ልጅዎ ላነጋግርዎ ነበር።»

ፊቱ ተለወጠ። «ምን አጠፋች?»

ልጅቷ ሞተሩ ላይ እንዳለች ታየኛለች፣ ዳይሬክተሩም ያዩኛል።

«ምንም አላጠፋችም። ትናንት ክፍሉን ሁሉ ያናገረችው እሷ ናት፤ በቤቷም ቋንቋ፣ በአማርኛም። ምላሷ ጤነኛ ነው። ኬጂ አንድ ትውረድ የሚል ሐሳብ አለ፤ እኔ መምህሯ ነኝ፣ አልስማማም። እርስዎም ቢጠየቁ እሺ አይበሉ።»

«ምን ብላ ተናገረች?»

«በርበሬው ውሃ አለው አለች።»

አባትየው ዳይሬክተሩን ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሱብሃነላህ! ደንበኛዬ ፊት እንዲህ ብላ ነው እኮ ገበያ ይዣት መሄድ የተውኩት» አለ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱም አፈረና ሳቀ፤ «ኬጂ አንድማ አትወርድም» ብሎ ልጅቷን አውርዶ ሞተሩን አስነሳ።

ዳይሬክተሩ ፈጠን ብለው መጡ። «ነገርሽው?»

«ነግሬያቸዋለሁ፣ ጋሼ። ተስማምተናል።»

«ጎበዝ» አሉ፣ በምን እንደተስማማን ሳይጠይቁ። እኔም አላብራራሁላቸውም፤ የልጅቷን እጅ ይዤ ኬጂ ሦስት ገባሁ።