ወዳጆ የቆፈረው ቦይ

ወዳጆ ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት አይሱዙ ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣ። መኪናውም አብሮት ወጣ። መንዝ፣ ዘመሮ ባለው ግቢው ውስጥ፣ ከድንች መደቡ ማዶ፣ በድንጋይና በቆርቆሮ ጋራዥ ሠራለትና አስገብቶ አቆመው። እንደ ሌላው ሰው ሸጦት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ጠዋት ቁርሱን እንደበላ ጋቢናው ላይ ይወጣል፣ መሪውን ይጨብጣል፣ ፊት ለፊቱ የተገተረውን የጋራዥ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ለምሳ ይወርዳል፣ በልቶ ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነድቶ ከዚያ ግድግዳ አላለፈም።

የበደለው ሰው የለም። ሚስቱ ጌታነሽም ምንም አትለውም። ሰው "ወዳጆስ?" ብሎ ሲጠይቃት "ሥራ ላይ ነው" ትላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስትል የኖረችው ይህንኑ ስለሆነ አፏ ለምዶታል።

ባለፈው ዓመት ቤቱ ውስጥ የኢንተርኔት መስመር ገባ። ጌታነሽ ስብከት ትሰማበታለች። ወዳጆ ደግሞ የድሮ የሥራ ጓደኞቹ ከየመንገዱ የሚልኩትን ቪዲዮ ማየት ይወዳል፤ ማየት የሚፈልገው ግን ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ነው። እዚያ ደግሞ ዋይፋይ የሚባለው ነገር አይደርስም። የመንዝ ሰው ብርድ ለመከላከል ክንድ የሚያህል የድንጋይ ግድግዳ ሲያቆም ዋይፋይ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ወዳጆ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እየዞረ ድንቹን ሲረግጥ ከረመና በመጨረሻ ስልክ ጠጋኙን አፈወርቅን አማከረ። አፈወርቅ መጥቶ በእርምጃ ለካው።

"አርባ ሜትር ቢሆን ነው። ከራውተሩ አንሥተን ኬብል እንዘርጋ" አለ። "በፕላስቲክ ቱቦ አድርገን እንቀብረዋለን። ከመብራት መስመሩ ራቅ አድርገው ቀጥ ያለ ቦይ ይቆፍሩልኝ።"

ቀጥ ያለ ሲባል ወዳጆ ቀልድ አያውቅም። ረቡዕ ዕለት አንድ ችካል ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ሌላ ችካል ከጋራዡ በር አጠገብ ተከለና በመሀላቸው ገመድ ወጠረ። ከዚያ ገመዱን ተከትሎ ግቢውን ለሁለት እየሰነጠቀ መቆፈር ያዘ። ምን እንደሚሠራ ለሚስቱ አልነገራትም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ሹፌር ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ለትራፊክ ብቻ ስለሆነ ነው።

በዚያ ሰፈር ደግሞ ግቢ መሀል ገመድ የሚወጠረው ባልና ሚስት ሲለያዩ ነው። ሽማግሌ ይጠራል፣ ገመድ ይጣላል፣ ከዚህ ወዲህ ያንተ፣ ከዚያ ወዲያ ያንቺ ይባላል። ጎረቤታቸው አመተሥላሴ በካቡ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። ማድ ቤቱና የበጎቹ ጋጣ በአንድ በኩል፣ የድርቆሽ ክምሩና የውሃ ጉድጓዱ በሌላ በኩል ወድቀዋል። "ውሃውን ለሱ? ምን ጠጥታ ልትኖር ነው?" አለች። ሐሙስ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ አወቀ። ዐርብ ላይ ወሬው ወዳጆን ራቤል ከተማ ውስጥ ሌላ ሚስት አጋባው።

ቅዳሜ ጠዋት ቱቦውን ተሸክሞ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ግቢው ውስጥ ቆመው አገኘ። አንደኛው የነፍስ አባቱ ቄስ ኪዳነ ወልድ ናቸው፤ ሌላው በወጣትነታቸው አጥቢያ ዳኛ የነበሩት አቶ ወልደ ጻድቅ።

"አባ፣ እንደምን አደሩ? ይቀመጡ እንጂ" አለ ወዳጆ።

"አንቀመጥም" አሉ ቄሱ። "የመጣንበትን ሳትሰማ አንቀመጥም።"

ወዳጆ አስተዋለ። ሁለቱም ቦዩን ላለመሻገር በአንድ በኩል ተጠጋግተው ነው የቆሙት፤ ከተሻገሩት ወሰንነቱን የሚያጸድቁ መስሏቸዋል።

"ልጄ ወዳጆ፣ በመሀላችሁ ሰይጣን ገብቷል።"

"ኧረ አባ፣ የሚገባው ኢንተርኔት ነው!"

ሮጦ የኬብሉን ጥቅል አመጣና አሳያቸው። አቶ ወልደ ጻድቅ በጣታቸው ዳሰሱት። በዘመናቸው ስንትና ስንት የወሰን ክርክር ዳኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ምክንያት ግን ሰምተው አያውቁም።

"ለዚህች የጫማ ክር ነው እስከ ጉልበትህ የቆፈርከው?"

ወዳጆ ሳቁ አሸነፈው። "ጌታነሽ! ኧረ ነይ፣ ሊያስታርቁን መጥተዋል!" ብሎ ተጣራ።

ጌታነሽ ከጋጣው በኩል ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ መጣች። አልሳቀችም።

"ምን አደከማችሁ?" አለች ሽማግሎቹን። "እኔ አካፍዬ ጨርሻለሁ። በጎቹን ለይቼ አስሬያለሁ፤ ብርድ ልብሱንም አውጥቼለታለሁ። ፊርማ ከሆነ እፈርማለሁ።"

የወዳጆ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ቦይ እያየች፣ ባሏ የሚፈታት መስሏት፣ ምሳውን በሰዓቱ ስታቀርብለት ነበር። አልጮኸችም፣ ለምን አላለችም፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

"እንዴት አመንሽ?" አላት።

"ምኑ ያቅታል? አንተ ከሄድክ ሁለት ዓመትህ። የቀረህ ችካሉ ነበር።"

ቄስ ኪዳነ ወልድ ስለ ኢንተርኔት የሚያውቁት አንዳች ነገር የለም። ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ያለው አፈወርቅ ያልጠየቀውን ጠየቁ።

"ይኸ ነገር እቤት ውስጥ አለ አይደለም?"

"አለ፣ አባ።"

"ደኅና ይሠራል?"

"በጣም።"

"ታዲያ ከሷ ጋር ቁጭ ብለህ የማታየው ለምንድን ነው?"

ወዳጆ ኬብሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ወገቤን ያመኛል ሊል አስቦ ተወው።

"መቀመጫዬን አላውቀውማ" አለ በመጨረሻ። "እኔ እዚህ ቤት መጥቼ አድሬ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ዛሬም ስገባ ከመደቡ ተነሥታ ቦታ ትለቅልኛለች። ለእንግዳ የሚወጣውን ብርጭቆ ታወጣልኛለች። በልቼ ስጨርስ መሄድ ያለብኝ ይመስለኛል። ጋቢናው ውስጥ ግን መቀመጫዬን አውቀዋለሁ።"

"ላክብርህ ብዬ ነው እኮ!" ጌታነሽ ጮኸች፤ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ጩኸቷ ነበር። "መንገድ ሲያንገላታው የኖረ ሰው ነው ብዬ ነው እኮ!"

አቶ ወልደ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ። "የጫማ ክሩ ይቀበር። ቦዩም ዛሬውኑ ይደፈን፤ የምትደፍኑት ግን ሁለታችሁ ናችሁ።" ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሎቹ የተቀመጡት።

ከሰዓት በኋላ አፈወርቅ ኬብሉን በቱቦው አሳልፎ ቦዩ ውስጥ አስተኛውና ሄደ። ባልና ሚስት አንዱ ከመስኮቱ፣ አንዷ ከጋራዡ ጀምረው አፈሩን እየመለሱ መሀል ላይ ተገናኙ። ከዚያ ሆኖ ወዳጆ ጋጣውን አየ። በጎቹ በሁለት ችካል ተለይተው ታስረዋል። በአንዱ ችካል ላይ ሙክቱ፣ ልትወልድ የደረሰችው ጥቁር በግና ሁለት የሰቡ ሴት በጎች፤ በሌላው ላይ ከሲታ ከሲታዎቹ።

"የኔ የትኞቹ ነበሩ?" አለ።

"እነዚያ የሰቡት።"

"ለምን?"

"አንተ በግ መምረጥ አታውቅም" አለች ጌታነሽ፣ አፈሩን በእግሯ እየጠቀጠቀች። "ገበያ ብትወጣ ያሞኙሃል።"

ወዳጆ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። እንባው ሲመጣበት አፈር ገባብኝ ብሎ ዐይኑን ጠረገ። እሷም ያመነች መሰለች።

በሳምንቱ ቅዳሜ አፈወርቅ መስመሩን ሊፈትሽ መጣ። ጋራዡ ውስጥ ኢንተርኔቱ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ አንድም ቦታ አይቆራረጥም። በሥራው ኮርቶ የጋቢናውን በር ከፈተ። መሪው በቦታው አለ፤ ከመሪው ኋላ ግን አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

"ጋሽ ወዳጆ! ኧረ ወንበርዎን ሰው ወስዶታል!" እያለ ተጣራ።

ወዳጆ ጥሪውን ሰምቷል፤ አልተነሣም። ቤት ውስጥ፣ ከጌታነሽ በርጩማ አጠገብ፣ እጀታው የተሰበረ ኩባያ ይዞ የሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጌታነሽ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል ብላ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ አውጥታው ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስገባው አጎዛ አለበሰችለት።